የአመዳዩ መስመር

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

የእትዬ ሴሎች ዛሬ ተወሰዱ።

አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ደሟ በአንዱ ክንዷ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ማሽኑ ነጮቹን ሴሎች ለይቶ ያስቀርና የቀረውን በሌላው ክንዷ ይመልስላታል። በመጨረሻ የተጠራቀመው ከመዳፍ የማይበልጥ ከረጢት ነው፤ ቀለሙ ውሃ የበዛበት የቲማቲም ጭማቂ ይመስላል። ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሴሎቹ ካንሰሩን ለይተው እንዲያጠቁ ይማራሉ። «ይማራሉ» የጥናቱ ኃላፊ የዶክተሯ ቃል ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ በርደው፣ ተቆጥረው፣ ስም ተጽፎባቸው ይመለሳሉ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «እኔ አራተኛን ሳልጨርስ ደሜ ባሕር ማዶ ሊማር ነው?» አለቻት።

ዶክተሯ ሳቀች። ነርሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሰኔ 5

የጥናቱ ሠራተኞች የምንሞላው ቅጽ ላይ «በጥናቱ ካሉት ታካሚዎች መካከል ዘመድ አለዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከእትዬ ጋር የምንገናኘው በእናት ነው፤ የአባቶቻችን ስም የተለያየ ነው። ማንም አይጠረጥርም።

ዘመድ ያለው ሰው የበረዱት ሴሎች የሚቀመጡበትን ታንክ አይነካም፣ የዘመዱንም ስላይድ አይቆጥርም። ደንብ ነው፤ ጥሩ ደንብ ነው። ግን ያንን ታንክ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ?

ለእትዬ ነገርኳት። በሰው ፊት ማሙሽ እንዳትለኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህ ባይኖርም ማሙሽ የምባልበት ዕድሜ አልፏል።

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

«አቶ በይኝ።»

«እሺ አቶ። ክንዴን ይልቀቁልኝ፣ እያመመኝ ነው።»

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ታንኩ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ። በየጠዋቱ ክዳኑን አነሳለሁ፣ የእንጨት ዘንጉን እስከ ታች እሰዳለሁ፣ እስከ አስር እቆጥራለሁ፣ አወጣና አየር ላይ ሁለት ሦስቴ አወዛውዘዋለሁ። ፈሳሹ እስከነካው ድረስ ነጭ አመዳይ ይይዛል። መስመሩ የደረሰበትን ሴንቲሜትር ጮክ ብዬ አነብባለሁ፤ ቆይቆይ አይታ ትደግማለች፤ የታንኩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ከአስራ አምስት በታች ከወረደ በዚያው ደቂቃ ለዶክተሯ መንገር ነው። በቀን አንድ ሴንቲ ይተናል። ታንኩ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአንድ ሴንቲ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ቆይቆይ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ የምትናገረው ሁሉ «ቆይ» ብሎ ስለሚጀምር ላብራቶሪው ያወጣላት ነው። አትቆጣም። «ቆይ፣ ስሜ ነው እንዴ?» ብላ ትስቃለች።

ታንኩ የኤሌክትሪክ አላርም ነበረው። በየካቲት ያለ ምክንያት ሲጮህብን ከረመ፤ ድምፁን ዘጋነው፤ አዲስ ታዝዟል። ቅዳሜና እሁድ ቆይቆይ የለችም። እኔ ብቻዬን እለካለሁ፣ እሷ ሰኞ ስትገባ ትፈርማለች። የሰኞ ፊርማ እንለዋለን። ደንቡ ላይ የለም፤ እኛው ያመጣነው ነው።

ሰኔ 13

ሹፌሩ ከረጢቱን ከወሰደ ሃያ ስምንተኛ ቀኑ። ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ ቤት ከረጢቱን የወሰደ የመጀመሪያው እሱ ነው። ዛሬ ከመቅኔው የተወሰደው ናሙና በመስታወት ስላይድ ላይ መጣልኝ።

በግንቦት ከመቶው ሴል ዘጠና አንዱ ካንሰር ነበር። ያኔ ማይክሮስኮፑ ስር ሌላ ነገር አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር እነሱ፤ ትልልቅ፣ ክብ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ፣ ልክ ፌርማታ ላይ እንደሚጋፋ ሰው።

ዛሬ ዜሮ።

ስላይዱን አንቀሳቅሼ ሌላ ቦታ ቆጠርኩ። ዜሮ። ቆይቆይን ጠራኋት፤ ቁጥሬን አልነገርኳትም።

«ቆይ» አለች። ቆየች። «ስላይዱ የሱ ነው?» ስሙን አነበበች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ መለሰችው፣ እንደገና አየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«የት ሄዱ?» አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። እኔም ያንኑ ያህል ሠርቻለሁ። ስንሠራ የኖርነው ቁጥር ሲያድግ እያየን ነው፤ ሲዘገይም እናውቃለን፤ መድኃኒት ሲገፋው ትንሽ ሲወርድና ተመልሶ ሲወጣ። እንዲህ ሲጠፋ ግን አይተን አናውቅም። ወረቀቱ ላይ «0» ስጽፍ ቁጥሩ ያልጨረስኩት ነገር መሰለኝ።

ሰኔ 21

ሹፌሩ ራሱ መጣ። ላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ «እኔን የቆጠረኝ ማነው?» አለ።

ፀጉሩ እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ እየበቀለ ነው። ከረጢቱን በወሰደ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት አንድ ሳምንት የገዛ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ነዶ ነበር። አሁን ቆሟል። ሁለቱንም ስላይድ አሳየሁት። የግንቦቱን ብዙ ቆይቶ አየው።

«እነዚህ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

የሰኔውን አስገባሁለት።

«የታሉ?»

«የሉም።»

«ማን አወጣቸው?»

«ማንም አላወጣቸውም። ተበሉ።»

«ማን በላቸው?»

«አንተው። ያንተው ሴሎች።»

ቀና ብሎ አየኝና እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። «ሲስተር ደግሞ ‹ምግብ አትበላም› እያለች ትጮኽብኝ ነበር።»

ቆይቆይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ከሄደ በኋላም እንባዋን ትጠርግ ነበር፤ ሳቁ ግን አልቆ ነበር።

ሰኔ 27

ዶክተሯ ለእትዬ በስልኳ ፊልም አሳየቻት። በማይክሮስኮፕ የተቀዳ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ። አንድ ትንሽ ሴል እየዳበሰ ይመጣል፣ አንድ ትልቅ ሴል ይነካል፣ ይጠጋዋል፣ አይለቅም። ትልቁ ይንቀጠቀጣል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ትንሹ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

«ትንሿ ናት የኔ?» አለች እትዬ።

«ትንሿ።»

«እንደገና አሳዪኝ።»

አራት ጊዜ አየችው። በአራተኛው «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለች፤ ለስልኩ።

ኮሪደር ላይ የሌላ ታካሚ ጠያቂዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሴሎቹን አውጥተው ያስተምሯቸዋል አሉ።» «አስተማሪው ማነው?» «ሌላ በሽታ ነው አሉ፣ የተገራ ቫይረስ።» «በይ ተይኝ!»

ነገሩ ግን እውነት ነው። እንደዚያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ እኔም «በይ ተይኝ» ማለት ያምረኛል።

ሐምሌ 3

እትዬ፦ ከመቶ 83። በሰኔ መጀመሪያ 61 ነበር። ቆይቆይ 84 አለች። የአንድ ልዩነት ያለ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆጥር እንዲህ ነው፣ ሁለት ሰው የሚቆጥረውም ለዚህ ነው።

ዶክተሯ «ከረጢቱ በሰዓቱ ከመጣ ጊዜ አለን» አለች። «አለን» ስትል ጠረጴዛውን እያየች ነበር።

ሐምሌ 6

እትዬ ቤት። ደረጃውን ስትወጣ ሁለቴ ቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ የጫማዋን ማሰሪያ እንደምታይ ሆና። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

የስፌት መኪናዋ ላይ ያላለቀ ሸሚዝ ነበር፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ። ሠላሳ ዓመት የሰፋችው ይህንኑ ነው። እጅጌውን አስገብታ ተነሳች። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ ነገር አለ፤ የትም ሳትጋጭ የሚወጣ።

«አትየው» አለችኝ። «ቆጥረኸኛል፣ ይበቃል።»

ሐምሌ 9

መጣ።

መጓጓዣው የወተት ቢዶን የሚያህል ነው። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጉም እጃችን ላይ ፈስሶ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ከውስጡ ቀጭን የብረት ሳጥን፤ ከሳጥኑ ውስጥ ከረጢቱ። ስልሳ ስምንት ሚሊ ሊትር። ቆይቆይ ቁጥሩን ታነብባለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እኔ አነብባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። አስራ ሦስት አኃዝ። ከዚያ የልደት ቀን። የእትዬን የልደት ቀን ጮክ ብዬ አነበብኩ። እውነተኛውን ማንም አያውቀውም፤ ስፌት ቤቱ ሲቀጥራት አፏ ላይ የመጣላትን ነው የሞላችው። ታትሞ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ግን እውነት መስሏል።

ከከረጢቱ ጋር ከእነዚያው ሴሎች የተቀዱ ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች አሉ። አንዱ ከረጢቱ የሚሰጥበት ቀን ጠዋት ይቀልጥና ስንቱ ሕያው እንደሆነ ይቆጠራል። ከመቶ ሰባ ሕያው ከሆነ ከረጢቱ ያልፋል፤ ከዚያ በታች አያልፍም። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው።

ግማሽ ብርጭቆ የማትሞላ ነገር ናት። ውስጧ ሁለት መቶ ሚሊዮን የእትዬ ሴሎች አሉ፤ አይንቀሳቀሱም፣ አልሞቱምም። በዚያ ቅዝቃዜ ጊዜ ራሱ ይቆማል። ሲቀልጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ክዳኑን ዘግቼ እጄን ላዩ ላይ እንዳሳረፍኩ ትንሽ ቆምኩ።

«ቆይ፣ እየጸለይክ ነው?» አለችኝ ቆይቆይ።

«ክዳኑ መግጠሙን እያየሁ ነው» አልኳት።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ታንክ 31። ሁለታችንም። ናይትሮጅን የሚያመጣው መኪና ሰኞ ይደርሳል።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

እትዬን ትኩሳት ጣላት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረደላት። ታንክ፦ ቅዳሜ 30፣ እሁድ 29።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

8።

በኋላ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ዘንጉን ሰደድኩ፣ እስከ አስር ቆጠርኩ፣ አወጣሁ፣ አወዛወዝኩ። አመዳዩ ከታች መዳፍ ያህል ይዞ ቆመ። በደንብ ያልነከርኩት መስሎኝ ደገምኩ። ስምንት።

የክዳኑ ላስቲክ ተሰንጥቋል። ዓርብ ሳይሆን አልቀረም። በቀን አንድ ሴንቲ ሳይሆን ሰባት ስምንት ሴንቲ ሲያስወጣ ሰንብቷል። ቅዳሜ ዘንጉን ሰድጄ ቢሆን ኖሮ ሃያ ሦስት ገደማ አነብብ ነበር፤ በዚያው ሰዓት አውቅ ነበር።

አልሰደድኩም። ቅዳሜም፣ እሁድም። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ሁለት ደቂቃ ነው። እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ብነሳ ወንበሩ ይጮኻል፣ ትነቃለች ብዬ ነው። እሁድ ስወጣ ደብተሩን ከፍቼ 30 እና 29 ጻፍኩ። በቀን አንድ ነው የሚወርደው፤ ማንም ቢለካ ይህንኑ ያገኛል ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከመጠባበቂያው ሲሊንደር ሞላሁት። ደብተሩ ላይ «ከመሙላቱ በፊት 28፣ ከሞላ በኋላ 38» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ቆይቆይ ገባች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ፈረመች። የሰኞ ፊርማ።

«ላስቲኩ ተሰንጥቋል፤ በጊዜ ደረስኩበት» አልኳት።

«ቆይ፣ ጎበዝ ነህ እኮ!»

ከረጢቱ የተቀመጠው ከፈሳሹ በላይ፣ ጉሙ ውስጥ ነው። ጉሙ ስንት ዲግሪ ደርሶ እንደነበር የሚናገር ነገር የለም። ሳጥኑን በጓንት ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ ቃል ነው እንጂ ቁጥር አይደለም።

ሐምሌ 16

ላስቲኩ ተቀየረ። ታንክ 37፣ ሁለታችንም። ዶክተሯ በስብሰባው ላይ «በጊዜ ባይደርስበት ኖሮ» ብላ አመሰገነችኝ። አጨበጨቡ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ቆይቆይ ምሳ ስትወጣ መጠባበቂያ ብልቃጡን አወጣሁ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ያዝኩት። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በረዶው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የሩዝ ፍሬ ያህል ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሰማያዊውን ቀለም ጨመርኩ። የሞተ ሴል በሩ ክፍት ነው፤ ቀለሙ ይገባበታል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ሕያው ሴል በሩን ዘግቶ ቀለሙን ውጭ ያስቀረዋል።

አየሁ።

የሚያበሩ ነበሩ። በሰማያዊው መሃል ጥርት ያሉ፣ ዙሪያቸው ብርሃን የያዘ፣ የእትዬ ሴሎች። ከእጇ ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ተምረው፣ ደንጊያ ሆነው፣ ያን ቅዳሜና እሁድ አልፈው፣ አሁን በሙቅ ውሃ ተነስተው በራቸውን ዘግተው ቀለም አናስገባም የሚሉ። ስንት ሰው ስንት ዓመት ቢደክም ነው ይህ ነገር የሆነው? ጀርባዬ እስኪደነዝዝ ከማይክሮስኮፑ አልተነሳሁም።

ቆጠርኩ። 78። ሰባ ያልፋል።

ደህና ነው።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ታንክ 33። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሁለቱንም ጊዜ ለማንም ሳይሆን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ዶክተሯ እትዬ አልጋ ዳር ተቀምጣ አስረዳቻት። ረቡዕ ኬሞ ይጀመራል፤ ሦስት ቀን። ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ ከረጢቱ። ኬሞው ካንሰሩን ለማጥፋት ሳይሆን ለአዲሶቹ ሴሎች ቦታ ለማመቻቸት ነው፤ የራሷን መከላከያ ያወርዳል።

ኮሪደር ላይ ተከተልኳት። «ዶክተር፣ ከረጢቱ በሆነ መንገድ ሞቆ ቢሆን ኖሮ? በጉዞ ላይ ማለቴ ነው።»

«ከኬሞው በፊት ካወቅን ቀላል ነው። ቀኑን እናቆማለን። መጠባበቂያ ብልቃጡ ለዚህ ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ይቆጥራል። ለፋብሪካው እንልካለን፣ እነሱ ይወስናሉ። አንዳንዴ ትርፍ ሴል ያስቀምጣሉ፣ አንዳንዴ የላቸውም።»

«ከጀመርን በኋላ ቢታወቅስ?»

«ከጀመርን በኋላ ቤቷን ባዶ አድርገን በሩን ከፍተናል። የሚገባው ሰው ካልመጣ ሌላ ነገር ይገባል። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«ታካሚዋን ታውቃታለህ እንዴ?»

«ደሟን የምቆጥረው እኔ ነኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም።

መጠባበቂያውን ሐሙስ ጨርሼዋለሁ። ለዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር ብል የሚያምነኝ የለም። የቀረው የመስጫው ቀን ጠዋት የሚቀልጠው ብቻ ነው።

ደግሞ የዘገየ ቀን ሁሉ ለእሷ ቀን ነው። 83 የነበረው አሁን ስንት ደርሷል? ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ሐምሌ 21፣ እሁድ

ሐሙስ ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። 64። 69። 78።

የመጀመሪያውን ስጨርስ ዓይኔ አልተስተካከለም ብዬ ነው። ሁለተኛውን ስጨርስ ቦታው መጥፎ ነው ብዬ ነው። ሦስተኛው ሲያልፍ ተነሳሁ።

ዛሬ አማካዩን ሠራሁ። ሰባ ነጥብ ሦስት። ያልፋል! ለደቂቃ ያህል ቀለል አለኝ።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በሦስተኛው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ የያዙ ነበሩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ደበዘዘም ደመቀም ሰማያዊ ሰማያዊ ነው። እኔ ሕያው አልኳቸው። ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኝ መሆናቸውን ካወቅኩ እያየኋቸው ነበር ማለት ነው።

64፣ 69፣ 69።

ወይስ አሁን ደግሞ በፍርሃት እየቆጠርኩ ነው? አላውቅም። ብቻውን የቆጠረ ሰው ማንን ይጠይቃል?

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ቆይቆይ ዝርዝሩን ስታመሳክር፣ «ቆይ፣ ሁለት ብልቃጥ አልነበረም እንዴ?»

«አንዱን ሐሙስ አየሁት። ለማረጋገጥ።»

«ብቻህን?»

«ምሳ ወጥተሽ ነበር።»

«ስንት አገኘህ?»

«78።»

«ቆይ» አለች። የሰኞ ፊርማዋን ሳትፈርም ደብተሩን ዘግታ ወጣች።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ቆይቆይ ለነገው ዝግጅት የእትዬን ደም ልትቀዳ ወጣች። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ማሙሽ፣ እስቲ ውሃውን አቀብለኝ» አለች እትዬ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር።

«ቆይ፣ ማሙሽ?»

«በእናቴ ወንድሜ ነው። አቶ በይኝ ይለኛል እንጂ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ምን ይደበቃል፣ አፍንጫችንን አታይም?»

ቆይቆይ አፍንጫዬን አየች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

እትዬ ወሬ ከጀመረች አታቆምም፤ ደስ ብሏትም ነበር። «ይሄ ልጅ የቆጠራ ሰው እንደሚሆን ያኔ ነው ያወቅሁት። ስፌት ቤት ቁልፍ በጣሳ ይመጣል። ቁጠር እለዋለሁ። ጣሳውን አንዴ ነቅነቅ ያደርግና ‹ሁለት መቶ አርባ› ይለኛል። ሳይቆጥር! የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይገኝለት ነበር።»

«ሳይገኝለት ሲቀርስ?» አለች ቆይቆይ። ደሙን እየቀዳች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ደግሜ እቆጥር ነበራ! እሱ ሲተኛ።»

«ነግረሽኝ አታውቂም» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ትንሽ ነበርክ፣ ታፍር ነበር። ግን ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዝ የሚለብሰው የሰው ልጅ ነው፤ እሱስ ምን አደረገ?»

ቆይቆይ ክንዷን በጥጥ ያዘችላት። ደረጃው ላይ ስንወርድ «ቆይ» አለችኝ። ቆምኩ። ፊቴን አየችኝ። «ምንም» አለችና ቀድማኝ ወረደች።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ሦስት ሰዓት። ኬሞው ሦስት ተኩል ላይ ይጀመራል። መርፌው ክንዷ ላይ ተሰክቷል፣ መድኃኒቱ ተሰቅሏል፣ ገና አልተከፈተም። ዶክተሯ የታንኩን ደብተር ከሐምሌ 9 ጀምሮ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለፋይሉ እንዳመጣላት ላከችኝ። አምስት ገጽ።

ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆሜ ነው የምጽፈው። አንደኛው ገጽ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ።

ሁለተኛው ያ ገጽ ነው። 30። 29። 28።

ከዚህ በፊት እንዴት አላየሁትም? ከገጹ ሁሉ ያማሩት እነዚህ ናቸው። የሌሎቹ ቀናት ቁጥሮች ይወላገዳሉ፤ ጓንቱን አውልቄ፣ ጣቴ እንደቀዘቀዘ፣ ወዲያው ስለምጽፋቸው። ሦስቱ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዘንጉ ያላነበበ ሰው ጽሑፍ ነው። ደብተሩን የሚያውቅ ሰው አንዴ አይቶ ይለየዋል። ቆይቆይ ደብተሩን ታውቀዋለች።

ብናገር ዛሬ መድኃኒቱ አይከፈትም። የቀረውን ብልቃጥ ሁለት ሰው ይቆጥረዋል፤ እኔ አልሆንም። ከታንኩ እነሳለሁ፤ የቆይቆይ ፊርማም አለበት፣ እሷም ትጠየቃለች። እትዬ ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃለች፣ ምናልባት እንደገና አምስት ሳምንት። አምስት ሳምንት ላይኖራት ይችላል። ወይም ደግሞ ሰባ ሁለት ይገኝና ቅዳሜ ይጀመራል።

ሲያበሩ አይቻቸዋለሁ። ያን ማንም አይወስድብኝም። ስንቱ እንደሚያበሩ መናገር ያለብኝ ግን እኔ አይደለሁም።

64 እና 69 የተጻፉት እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ደብተሮች እይዛለሁ።

ሦስት ገጽ ይቀራል። ማሽኑ ክዳኑ እንደተከፈተ እየበራ ነው። ሦስት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ሦስተኛ ፎቅ ሁለት ደቂቃ ነው።

ወጣሁ።